የ30 ጥማድ ማሳ ስም ዋጋው ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ ላይ በፈረንሳይ አንድ የወይን ማሳ ተሸጠ፡፡ ስፋቱ 7.53 ሄክታር ነው፤ በእኛ ገበሬ ልኬት 30 ጥማድ ያህል መሆኑ ነው፡፡ ገዢው የፈረንሳዊው ቢሊየነር የፍራንሷ ፒኖ ቤተሰብ ኩባንያ አርቴሚስ ሲሆን፣ ዋጋው በይፋ ባይነገርም ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቧል፡፡ ሒሳቡን ቀለል አድርገን ብንሠራው፣ ቤቶቹንና ምድር ቤት የተቀመጠውን ወይን ጨምሮ፣ አንዱ ካሬ ሜትር ከ2,600 ዩሮ በላይ ወጣበት ማለት ነው፡፡ የአዲስ አበባን የሊዝ ጨረታ ውጤት እየሰማ ጉድ ሲል ለኖረ አንባቢ ይኼ ብዙም ላያስደንቅ ይችላል፡፡ ልዩነቱ እዚያ ማሳ ላይ ሕንፃ አይሠራበትም፡፡ የሚበቅልበት ወይን ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ዓይነት ወይን፣ ያውም በሕግ በተወሰነ መጠን፡፡

ማሳው ክሎ ደ ታር ይባላል፡፡ የሚገኘው ቡርጎኝ በተባለው የምሥራቅ ፈረንሳይ ክልል፣ ከዲዦን ከተማ በስተደቡብ ባለችው ሞሬ ሳን ደኒ በምትባል አነስተኛ መንደር ውስጥ ነው፡፡ ከዚያ በሚወጣው ቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የማሳው ስም ነው፡፡ በዚያ ስም በሚሸጥ ወይን ውስጥ ከጎረቤት ማሳ የተለቀመ አንድ ዘለላ እንኳ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም፡፡

ታዲያ ገዢው ያን ያህል ገንዘብ ያወጣው ለአፈሩ ነው ወይስ ለስሙ? ይኼ የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ገጽ ባላጣበብኩ ነበር፡፡ ነገር ግን ጥያቄው ስም ያለው መሬት ያላቸውን አገሮች ሁሉ የሚነካ ነው፤ ይርጋ ጨፌንና ሐረርን ለዓለም ያስተዋወቀችውን አገራችንንም ጭምር፡፡ በእኔ እምነት የተከፈለው ለስሙ ነው፡፡ ስሙን ደግሞ ያቆሙት ሁለት ምሰሶዎች ናቸው፤ አንደኛው የአካባቢው ቀዝቃዛ አየር፣ ሁለተኛው ስሙን ለዘመናት የጠበቁ ሰዎች፡፡ ዛሬ ሁለቱም ምሰሶዎች እየተነቃነቁ ነው፡፡

ከመነኮሳይት እስከ ቢሊየነር

ክሎ ደ ታር በግንብ የታጠረ ማሳ ነው፡፡ “ክሎ” የሚለው የፈረንሳይኛ ቃልም ይኼንኑ፣ የታጠረ ቦታን፣ ያመለክታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1141 የገዙት ታር ከተባለች ስፍራ የመጡ የሲስተርሲያን ሥርዓት መነኮሳይት ነበሩ፤ ስሙም ከእነሱ የቀረ ነው፡፡ ገዳሙ ማሳውን ከ600 ዓመታት በላይ ይዞት ቆየ፡፡ የፈረንሳይ አብዮት የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወርሶ ሲሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1791 ማሬ ለተባለ ቤተሰብ ተላለፈ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1932 ሞመሳን የተባለ የወይን ነጋዴ ቤተሰብ ገዛው፡፡ ከዚያ በኋላ አርቴሚስ መጣ፡፡ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ባለቤት የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፡፡

ይኼ በቡርጎኝ ብርቅ ነው፡፡ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ የሚገኘው ክሎ ደ ቩዦ የተባለው ሌላ የታጠረ ማሳ 50 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ዛሬ የሚካፈሉት ባለይዞታዎች 80 ገደማ ናቸው፡፡ ምክንያቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ ርስት ለልጆች እኩል ይከፈል ስላለ፣ መሬቱ በየትውልዱ እየተሸነሸነ ሄደ፡፡ አንዳንዱ ባለይዞታ የቀረው ጥቂት ረድፍ የወይን ተክል ብቻ ነው፡፡

መነኮሳቱ በክልሉ ጥለው ያለፉት ትልቁ ቅርስ ማሳን ከማሳ የመለየት ልማድ ነው፡፡ የሲቶ ገዳም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1098 ነው፡፡ ከገዳማቱ ጀምሮ በየዘመኑ የነበሩት አልሚዎች የትኛው ቁራሽ ቀድሞ እንደሚበስል፣ የትኛው ውኃ እንደሚይዝ፣ የትኛው በበረዶ እንደሚመታ እያዩ ለእያንዳንዱ ስም ሰጡት፡፡ የክልሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ስም ያለው ቁራሽ መሬት “ክሊማ” ይሉታል፡፡ በፈረንሳይኛ ቃሉ የአየር ንብረት ማለት ነው፡፡ እነሱ ዘንድ ግን ድንበር ያለው፣ ስም ያለው ማሳ ነው፡፡ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው 1,247 ነበሩ፡፡

አንድ ማሳ ከጎረቤቱ ይኼን ያህል ሊለይ የቻለው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ቅዝቃዜው ነው፡፡ የክልሉ ቀይ ወይን የሚሠራው ፒኖ ኗር ከተባለ ቆዳው ስስ፣ ቶሎ የሚበስል የወይን ዝርያ ነው፡፡ ሞቃት አገር ከተተከለ ስኳሩ ፈጥኖ ይሞላል፣ ኮምጣጣነቱ ይወርዳል፣ ለስላሳው ሽታ ሳይወጣ ፍሬው ይደርሳል፡፡ ቡርጎኝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 47ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፍሬው የሚበስለው በዝግታና በጭንቅ ነው፡፡ በዚህ ጭንቅ ውስጥ ትንሽ የተዳፋት ልዩነት፣ ትንሽ የድንጋይና የአፈር ልዩነት በጣዕሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል፡፡ በደጋ ያለ ቡና ቀስ ብሎ ስለሚደርስ ከቆላው ይልቅ ሽታና ጣዕም እንደሚኖረው ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ለመረዳት አይከብድም፡፡

ስሙን ያጸናው ምንድን ነው?

በቡርጎኝ የማሳ ስም ከመንደር ስም በላይ ነው፡፡ ሞሬ የተባለችው መንደር እ.ኤ.አ. በ1927 በግዛቷ ካሉት ዝነኛ ማሳዎች የአንዱን፣ የክሎ ሳን ደኒን ስም ወስዳ በራሷ ስም ላይ ቀጥላለች፡፡ ጎረቤቶቿም ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል፡፡ መንደር በማሳ ስም ስትጠራ ማየት የስምን አቅም ያሳያል፡፡

ስም ዋጋ ሲያወጣ ግን ሌባ ይከተለዋል፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የፈረንሳይን የወይን እርሻ ሲያወድም ገበያውን የሞላው በሐሰት ስም የሚሸጥ ወይን ነበር፡፡ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1905 የማጭበርበር መከላከያ ሕግ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ “አፔላሲዮን” የሚባለውን የምርት መነሻ ሥርዓት ዘረጋች፡፡ ክሎ ደ ታር እ.ኤ.አ. በ1939 “ግራን ክሩ” የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ አገኘ፡፡ እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ፡፡ ደረጃው ለባለቤቱ የተሰጠ ሽልማት ብቻ ሳይሆን ሸክምም ነው፡፡ ድንበሩ ይኼ ነው፣ ዝርያው ይኼ ነው፣ ከሄክታር የሚመረተው ከዚህ አይበልጥም ተብሎ ተጽፎለታል፡፡ ለቀይ ግራን ክሩ የተቀመጠው መነሻ ጣሪያ በሄክታር 35 ሄክቶ ሊትር አካባቢ ነው፡፡ ገበያው ቢፈልግም ባለማሳው እንደልቡ ማብዛት አይችልም፡፡

ጥበቃው በመንግሥት ብቻ የቆመ አይደለም፡፡ የዚያችው የሞሬ ሳን ደኒ ወይን አምራች የሆነው ሎራን ፖንሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ያደረገው ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ በኒውዮርክ አንድ ጨረታ ላይ የቤተሰቡ ስም ያለበት የ1945 ክሎ ሳን ደኒ ሊሸጥ መሆኑን ሰማ፡፡ ቤተሰቡ ግን ከዚያ ማሳ ወይን መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነበር፡፡ ፖንሶ ውቅያኖስ አቋርጦ ሄዶ ጠርሙሶቹ ከጨረታው እንዲነሱ አደረገ፡፡ ጠርሙሶቹን ለጨረታ ያቀረበው ሩዲ ኩርኒያዋን እ.ኤ.አ. በ2012 ተያዘ፤ በካሊፎርኒያ መኖሪያው ውስጥ ሐሰተኛ ወይን ሲያዘጋጅ መኖሩ በፍርድ ቤት ተረጋግጦም እ.ኤ.አ. በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፡፡ ማጭበርበሩን ያጋለጠው የጣዕም ሊቅነት አልነበረም፡፡ ቤተሰቡ መቼ ምን እንደሠራ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው፡፡

ቅዝቃዜው ሲሸሽ

አሁን ወደ መጀመሪያው ምሰሶ ልመለስ፡፡ ቦን የተባለችው የቡርጎኝ ከተማ (ከጀርመኗ ቦን ጋር እንዳትምታታ) የወይን ለቀማ የሚጀመርበትን ቀን የሚያሳዩ መዛግብት ከ1354 ጀምሮ አሏት፡፡ ተመራማሪዎች የለቃሚዎችን የደመወዝ ክፍያ፣ የከተማውን ምክር ቤት ውሳኔና የመሳሰሉትን ሰነዶች አገናኝተው እስከ 2018 ያለውን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል፡፡ ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነው፡፡ እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ የሚጀመረው በሴፕቴምበር 28 አካባቢ ነበር፡፡ ከ1988 ወዲህ ግን በአማካይ በ13 ቀናት ቀድሟል፡፡ ስድስት መቶ ዓመታት ወዲህና ወዲያ ሲል የኖረ ቀን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን ያነደደው ሙቀት ለብዙዎች የማንቂያ ደወል ነበር፡፡ በዚያ ዓመት በቡርጎኝ ለቀማው በኦገስት ወር ተጀመረ፡፡ ቀድሞ በቀዝቃዛ ዓመታት ፍሬው ስኳር ስለሚያንሰው በጭማቂው ላይ ስኳር መጨመር የተለመደ ነበር፤ በ2003 ግን የተፈቀደላቸው በተቃራኒው አሲድ እንዲጨምሩ ነው፡፡ በኦገስት መልቀም ከዚያ ወዲህም ተደጋግሟል፡፡

ችግሩ ሙቀት ብቻ ቢሆን በቀለለ፡፡ ክረምታቸው ሲሞቅ ተክሉ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ በኤፕሪል ውርጭ ሲወርድ ለጋውን እምቡጥ ይመታዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2021 የሆነው ይኸው ነው፡፡ በ2021 አምራቾች ሌሊቱን ሙሉ በየማሳው እሳት ሲያነዱ ቢያድሩም የክልሉ ምርት ክፉኛ አሽቆለቆለ፡፡ በ2024 ደግሞ የዝናብ ብዛትና ሻጋታ ቀይ ወይኑን ጎዳው፡፡

ሌላ ሰብል የሚያመርት ገበሬ ቢሆን መላ አያጣም፤ ወደ ደጋው ከፍ ይላል ወይም ዝርያ ይለውጣል፡፡ የሻምፓኙ ታቲንዤ ኩባንያ በእንግሊዝ አገር መሬት ገዝቶ ወይን ተክሏል፡፡ ብዙ ዝርያ እየቀላቀለ የሚሠራው የቦርዶ ክልል እ.ኤ.አ. በ2021 ሙቀትና በሽታን ይቋቋማሉ የተባሉ 6 አዳዲስ ዝርያዎች በጥቂቱ እንዲገቡ ፈቃድ አግኝቷል፡፡ ክሎ ደ ታር ግን ግንቡን ተሸክሞ ወደ ሰሜን መሄድ አይችልም፡፡ ዝርያውን ቢለውጥም በሕግ ስሙን ያጣል፡፡ ስሙን ያጸናለት ሕግ ራሱ እጁን ይዞታል፡፡

እርግጥ ነው፣ አምራቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፡፡ ቅጠሉን ለጥላ መተው፣ ዘግይተው የሚደርሱ የፒኖ ኗር ዘሮችን መምረጥ፣ በማለዳ መልቀም ጊዜ ይገዛሉ፡፡ አንዳንዶችም እስካሁን ሙቀቱ ጠቅሞናል ይላሉ፤ ድሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ጥቂት የነበረው ጥሩ ዓመት አሁን በዝቷልና፡፡ እውነት አላቸው፡፡ ነገር ግን ፍሬው ያለ ጭንቅ በየዓመቱ የሚበስል ከሆነ፣ በአንዱ ማሳና በጎረቤቱ መካከል ያለው ልዩነት እየደበዘዘ አይሄድም ወይ? ልዩነቱ ከደበዘዘ የ1,247ቱ ስሞች ትርጉም ምን ይሆናል? እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፡፡

ባለቤቱስ?

ሁለተኛው ምሰሶ፣ ማለትም ጠባቂው፣ የተነቃነቀው በራሱ ስኬት ነው፡፡ የክሎ ደ ታር ጎረቤት የሆነውን ክሎ ደ ላምብሬን እ.ኤ.አ. በ2014 የገዛው የቅንጦት ዕቃዎች ግዙፉ ኩባንያ ኤልቪኤምኤች ነው፡፡ እዚያው ቡርጎኝ ውስጥ ቦኖ ዱ ማርትሬ የተባለውን ዝነኛ ይዞታ እ.ኤ.አ. በ2017 አብላጫ ድርሻውን የወሰደው ደግሞ የአዲስ አበባ የእግር ኳስ አፍቃሪ በደንብ የሚያውቀው የአርሰናሉ ስታን ክሮንኬ ነው፡፡

ይኼ የሆነው ለምንድን ነው? የክልሉ ግራን ክሩ መሬት በቅርብ ዓመታት በአማካይ በሄክታር ከ6 ሚሊዮን ዩሮ አልፏል፡፡ በፈረንሳይ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሀብት ላይ የሚጣለው የውርስ ግብር እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፡፡ ለእርሻ መሬትና ለቤተሰብ ኩባንያ የተወሰኑ ማቃለያዎች ቢኖሩም፣ ግብሩ የሚሰላው በመሬቱ የገበያ ዋጋ ነው፤ ወራሹ የሚከፍለው ግን ከወይኑ ሽያጭ ከሚያገኘው ገቢ ነው፡፡ ሁለቱ አልገናኝ ካሉ ቆይተዋል፡፡ በዚህ ላይ ወራሾቹ አምስት ስድስት ሆነው አንዱ ድርሻዬን በገንዘብ ስጡኝ ካለ፣ የቀሩት ያላቸው አማራጭ ብድር ወይም ሽያጭ ነው፡፡

አዲሶቹ ባለጠጎች ማሳውን ያበላሹታል እያልኩ አይደለም፡፡ ገንዘብም ባለሙያም አላቸው፤ ለረዥም ጊዜ ማሰብም ይችላሉ፡፡ ሥጋቴ ሌላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውዮርክ ጨረታ የ1945 ሮማኔ ኮንቲ አንድ ጠርሙስ በ558,000 ዶላር ተሸጧል፡፡ እሱም 1.8 ሄክታር ያህል ስፋት ካላት የቡርጎኝ ማሳ የወጣ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ጠርሙስ የሚገዛው ለመጠጣት ሳይሆን እንደ አክሲዮን ለማስቀመጥ ይሆናል፡፡ የማሳው ስም የባንክ ሰነድ ሲመስል፣ ተዳፋቱን እግሩ የሚያውቀው ሰው ልጅ እዚያ መሬት ላይ ደመወዝተኛ ሆኖ ይቀራል፡፡ ስሙን የሠሩት ቤተሰቦች ስማቸው ራሱ ከርስታቸው እያስወጣቸው ነው፡፡

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ኢትዮጵያ የዚህ ክርክር ተመልካች ብቻ አይደለችም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር መቃወሙ፣ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም እ.ኤ.አ. በጁን 2007 በስምምነት መቋጨቱ ይታወሳል፡፡ በወቅቱ አማራጭ ሆኖ የቀረበልን ከፈረንሳዩ አሠራር ጋር የሚቀራረብ፣ የምርቱን መነሻና ጥራት የሚያረጋግጥ ምልክት ነበር፡፡ የእኛ ባለሥልጣናት መልስ ቡናችን በሚሊዮን በሚቆጠሩ አነስተኛ ማሳዎች ላይ ስለሚመረት ያንን ሁሉ ለመቆጣጠር አቅሙም ገንዘቡም የለንም የሚል ነበር፡፡ ለጊዜው ትክክለኛ መልስ ይመስለኛል፡፡ ስሙ በባለቤትነት ተያዘ፤ ሥራው ግን ለኋላ ቀረ፡፡

እ.ኤ.አ. በ2008 የምርት ገበያው ሲቋቋም ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ በአንድነት እንዲሸጥ ተደረገ፡፡ ለገበሬው የዋጋ መረጃን፣ ለሻጩ ፈጣን ክፍያን አምጥቷል፡፡ በሌላ በኩል ግን ገዢው የያዘው ቡና ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው መፈልፈያ ጣቢያ እንደመጣ ማወቅ ተሳነው፡፡ በቡርጎኝ ቋንቋ ሁሉም ማሳ በአንድ በርሜል ተቀላቀለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ በሩን መልሶ ከፈተ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ አምራች ቡና በጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ሰሞን በኒውዮርክ የተራው ቡና ዋጋ ከ1 ዶላር ብዙም ባልራቀበት፡፡ የማሳ ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፡፡

ቅዝቃዜውም ከእኛ እየሸሸ ነው፡፡ የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ተቋምና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ እስከዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል፡፡ ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታ ቦታ ቢዛወር ተስፋ እንዳለም ያመለክታል፡፡ እዚህ ላይ የቡርጎኝ ጣጣ ይከተለናል፡፡ ቡናው ወደ ላይ ሲወጣ ስሙስ አብሮት ይወጣል? የሐረር ቡና የሚባለው የሚበቅልበት ስፍራ ቢለወጥ ማን ይወስናል? በምን መዝገብ?

ከፈረንሳዮቹ ልንማር የምንችለው እንደ እነሱ ግንብ መገንባትን አይደለም፡፡ ሦስት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ ድንበሩን ዛሬ መጻፍ፤ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ስም እንደሚሸጥ ሳይጨቃጨቁ የሚያሳይ ካርታ፡፡ ሁለተኛ፣ ስሙን የያዘ ሁሉ የሚገዛለት ደንብ ማውጣት፤ ግዴታ የሌለበት ስም ውሎ አድሮ የማንም ይሆናል፡፡ ሦስተኛውና የባሰው፣ ስሙ ሲወደድ ጥቅሙ ለአምራቹ የሚደርስበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት፡፡ በእኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ገበሬያችንን የሚነቅለው የውርስ ግብር አይሆንም፡፡ ነገር ግን በስሙ የሚገኘው ትርፍ ላኪው፣ ቆይውና አከፋፋዩ ጋ ከቀረ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ከማለት ውጪ ምን ይቀረናል?

የቦን ሰዎች አየራቸው መለወጡን ዛሬ በቀን ቆጥረው ሊናገሩ የቻሉት፣ ከ600 ዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ ለለቃሚዎች የተከፈለውን ገንዘብና ቀኑን ስለመዘገበ ነው፡፡ ስለ አየር ንብረት የሚያውቀው አልነበረም፡፡ ሥራው ሒሳብ መያዝ ነበር፡፡ በሚመጣው የለቀማ ወቅት በይርጋ ጨፌና በጅማ ያሉ መፈልፈያ ጣቢያዎች የመጀመሪያው እሸት ቡና የገባበትን ቀን፣ የመጣበትን ቀበሌና ለገበሬው የተከፈለውን ዋጋ በመዝገብ ቢያሰፍሩ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ነው፡፡ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፡፡ የመሬት ስም ግን የሚውለው የሚጽፍለት ሰው ሲያገኝ ነው፡፡